የድሮ ዳይናኮ ስቴሪዮ 70 አምፕ፦ የድራይቨር ቦርዱ ከስሏል፣ ጅማ ላይ ሆኖ አዲስ መሥራት ይቻላል?

አዌቱ_ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ቤታችን ውስጥ አያቴ የተዉት ዳይናኮ ስቴሪዮ 70 አለ፣ በቲዩብ (በድሮው የመስታወት ብልቃጥ) የሚሠራው፣ አራት ኢኤል34 (ለስፒከሩ ኃይሉን የሚሰጡት)፣ ሁለት 7199 (ከነሱ በፊት ያሉት) እና አንድ ጂዜድ34 ሬክቲፋየር (ኤሲውን ዲሲ የሚያደርገው) ያለው። አያቴ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ይሠሩ ነበር፣ የኦክላሆማ መምህራን እዛ በነበሩበት ዘመን፣ እና ወደ አገሩ ከሚመለስ አንዱ ላይ ከነስቴፕ ዳውኑ (220ውን ወደ 110 የሚያወርደው ትራንስፎርመር) ገዙት ነው የሚባለው። እስከ ቅርብ ጊዜ በዓል ሲሆን እናወጣው ነበር፣ ጥሩ ይሠራል። አሁን ግን ቀኙ ቻናል መጀመሪያ መንጫጫት ጀመረ፣ ከዛ ድምፁ እየሳሳ ሄደና አሁን የቀረው እዝዝዝ የሚል ኸም ብቻ ነው፣ ግራውም ቢሆን እንደድሮው ጥርት አይልም።

ከታች ከፍቼ ሳየው መሀል ላይ ያለው ቡናማው የድራይቨር ቦርድ (ኢኤል34ዎቹን የሚነዳው)፣ ሁለቱ 7199 የተሰኩበት፣ በሶኬቶቹ ዙሪያ ከስሎ ጠቁሯል፣ ሁለት ቦታ ላይ ትራኩ ከቦርዱ ተላቋል፣ ከኔ በፊት የነካው ሰው ደሞ በሽቦ አገናኝቶት ነው ያለፈው። ሬዚስተሮቹ ላይ ያለው ቀለም አይነበብም። ክረምት ሲሆን ይብሳል፣ የጅማን እርጥበት ታውቁታላችሁ፣ ጫማ እንኳ ቁምሳጥን ውስጥ ይሻግታል።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው፣ ቦርዱን እንዳለ አውልቄ አዲስ መሥራት ይቻላል ወይ፣ ከተቻለስ 7199ን ይዤ ልቀጥል ወይስ ወደ ሌላ ቲዩብ ልዙር? ውጭ ያለችው የአክስቴ ልጅ ስትጠይቅልኝ 7199 ብርቅ ሆኗል፣ የተገኘውም ውድ ነው አሉ። ዝግጁ ቦርድም ይሸጣል፣ ግን ከነዶላሩ ከነመላኪያው ከነቀረጡ ሳስበው ራሴን ያመኛል። ብየዳ እችላለሁ፣ ቴስተር አለኝ፣ ስኬማቲክ ማንበብ አያቅተኝም፣ ግን ከ12 ቮልት በላይ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር እፈራዋለሁ።


ጋሼ_ካውያ፦

መፍራትህን ወደድኩልህ ልጄ፣ አትተወው። እዛ ሻሲ ስር ከ400 በላይ ቮልት ዲሲ አለ፣ ሶኬቱን ነቅለህም ካፓሲተሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። 10 ኪሎ ኦም 10 ዋት ሬዚስተር ፈልግና በደንብ በተሸፈነ ሽቦ አንዱን ጫፍ ሻሲው ላይ እሰር፣ ሌላውን ጫፍ በትልቁ የካፓሲተር ጣሳ እግሮች ላይ በየተራ ለጥቂት ሰከንድ ያዝ፣ ከዛ በቴስተር ዜሮ መሆኑን ሳታይ እጅህን አታስገባ። በካቻቢቴ ሾርት አድርገው የሚሉህን አትስማቸው። በርቶ ስትለካ ደሞ በአንድ እጅ፣ ጥቁሩን ፕሮብ ሻሲው ላይ በክሊፕ አስረህ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ቦርዱን ለጊዜው እርሳው። ቦርዱ የዚህ አምፕ ርካሹ ነገር ነው። ይሄን አምፕ ዴቪድ ሃፍለር 1959 ላይ ሲያወጣው በኪት ነበር የሚሸጠው፣ ቦርዱ ተሠርቶ ይመጣል፣ የቀረውን ገዢው እቤቱ ይገጥማል፣ ስለዚህ ቦርድ ማውለቅና መመለስ ለሱ ባዕድ ነገር አይደለም። ሀብቱ ትራንስፎርመሮቹ ናቸው፣ ሁለቱ አውትፑትና አንዱ ፓወር። እነሱ ደህና ካልሆኑ አዲስ ቦርድ ሠርተህ የምትጭነው ሬሳ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን ፈትሽ።

ቲዩቦቹን በሙሉ አውጣ፣ ጂዜድ34ንም ጨምረህ። የአውትፑት ትራንስፎርመሩን ፕራይመሪ በኦም ለካ፣ ከመሀለኛው ሽቦ ወደ ሁለቱ ጫፍ የሚያሳየው ቁጥር ተቀራራቢ መሆን አለበት፣ ትንሽ ልዩነት በጠመዝማዛው ርዝመት ምክንያት ያለ ነው፣ አንዱ ጎን ክፍት ከሆነ ግን አለቀ። ከፕራይመሪ ወደ ሻሲ ምንም ማሳየት የለበትም። ቀጥሎ ቲዩብ ሳይኖር አብራውና ሂተሮቹን (ቲዩቦቹን የሚያግለውን መስመር) በኤሲ ለካ፣ ያለ ጭነት ስለሆነ ከ6.3 ከፍ ይላል አትደንግጥ። ሲበራ ግን በተከታታይ አምፖል አስገባ፣ የድሮውን የሚግለውን አምፖል ማለቴ ነው፣ 100 ዋት፣ ከስቴፕ ዳውኑ በፊት በ220ው በኩል። ኤልኢዲ አይሠራም። ቦግ ብሎ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ወዲያው አጥፋ።

ባያሱን (ኢኤል34 ከልኩ በላይ ከረንት እንዳይስብ ግሪዱ ላይ የሚሰጠውን ኔጋቲቭ ቮልት) ደሞ አትርሳ። ባያሱን ዲሲ የምታደርገው ትንሽ የሴሌኒየም ሬክቲፋየር ናት፣ እስካሁን ከኖረች ጡረታ ይገባታል፣ በዋን ኤን 4007 ዳዮድ ቀይራት፣ አቅጣጫዋን ተጠንቅቀህ፣ አጠገቧ ያሉትን ሁለት ካፓሲተሮችም አብረህ። ሴሌኒየም ራሱ ላይ ብዙ ቮልት ስለሚያስቀር ዳዮዱ ከገባ በኋላ ባያሱ ከድሮው የበለጠ ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል፣ በባያስ ማስተካከያው ቮሊዩም ታስተካክለዋለህ። ከኢኤል34 ሶኬት እግር 5 ላይ ኔጋቲቭ 30 ከምናምን ቮልት ሳታይ ኢኤል34 እንዳትሰካ፣ ባያስ ከሌለ ፕሌቱ (አኖዱ) ቀልቶ ቲዩቡም ትራንስፎርመሩም አብረው ነው የሚሄዱት።


በቃኝ_ሽቦ፦

ኧረ ወገን ለምንድን ነው እንደዚህ የምንለፋው 😅 አንድ ቲፒኤ3116 (የዘመኑ ማጉያ ቺፕ) ያለበት የቻይና ቦርድ ግዛ፣ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ግጠምለት፣ በአንድ ከሰዓት አለቀ፣ ድምፁ ንጹህ፣ መብራቱም አይቆጥር። ይሄን ዳይናኮ ሳሎን ላይ ለጌጥ አስቀምጠው።


የአብነት_ልጅ፦

@በቃኝ_ሽቦ ልጁ የጠየቀው እንዴት ሙዚቃ ልስማ አይደለም እኮ፣ የአያቱን ዕቃ እንዴት ላድን ነው። ቲፒኤውን ለራስህ ግዛው።

አዌቱ ማዶ፣ ዕቃ ፍለጋውን ልርዳህ፣ አዲስ አበባ ነኝ። ከልምድ የምነግርህ፣ መርካቶ ላይ ሬዚስተርና ዳዮድ ችግር የለም፣ የሚያስቸግርህ ከፍተኛ ቮልት ካፓሲተር ነው፣ ላዩ ላይ 450 ቮልት የተጻፈበት ሁሉ 450 አይችልም፣ በጣም ቀላል ከሆነና መጠኑ ከሚገባው ካነሰ ተጠራጠር። ለኮፕሊንግ (ሲግናሉን አሳልፎ ዲሲውን ለማገድ) የሚሆነውን 0.1 ማይክሮፋራድ 630 ቮልት ፊልም ካፓሲተር ከወደቀ ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ላይ ብታወጣው ይሻላል፣ ፖሊፕሮፒሊን ስለሆነ አያረጅም ማለት ይቻላል። እንደዛም ሆኖ ሳትፈትሽ አትግጠመው። አንዱን እግር ከፍተኛው ቮልት ላይ አድርገህ ሌላውን ክፍት ትተህ በቴስተር ወደ ግራውንድ ለካው፣ መጀመሪያ ዘልሎ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፣ ጥቂት ቮልት ላይ ቆሞ ከቀረ ያፈሳል፣ ጣለው። የሚያፈስ ኮፕሊንግ ካፓሲተር ማለት ባያሱን እየበላ ኢኤል34ን የሚያቃጥል ማለት ነው።

ትልቁን ባለ አራት ክፍል ጣሳ መቀየር ካለብህ (30፣ 20፣ 20፣ 20 ማይክሮ ነው በ525 ቮልት) እሱን እዚህ አታገኘውም። ሁለት 100 ማይክሮ 400 ቮልት በተከታታይ አድርግ፣ 50 ማይክሮ 800 ቮልት ይሆንልሃል፣ በያንዳንዱ ላይ 220 ኪሎ ኦም 1 ዋት ትይዩ አስርባቸው ቮልቱን እኩል እንዲካፈሉ። ከዛ በላይ ግን አትሂድ፣ ሰው ኸም ይቀንስልኛል ብሎ 220 ምናምን ማይክሮ ይደነቅራል፣ ጂዜድ34 የመጀመሪያውን ካፓሲተር ከ60 ማይክሮ በላይ አይፈልግም፣ ሲነሳ ብልጭ ብሎ ይሞትብሃል። ጂዜድ34 ደሞ ከ7199 የሚረክስ እንዳይመስልህ።


ኪቶ_ፉርዲሳ፦

ሰላም የአገሬ ልጅ፣ እኔም ጅማ ነኝ፣ ቴክኖሎጂው ካምፓስ። ጋሼ የጀመሩትን ፈተሻ ጨርስና ከዛ ስለ ቲዩቡ ይሄን አስብበት።

7199 አንድ ብልቃጥ ውስጥ ፔንቶድና ትራዮድ (ባለ አምስትና ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ ቲዩብ) ነው። ፔንቶዱ ያጎላል፣ ትራዮዱ ፌዝ ይከፍላል፣ ማለት ከካቶዱም ከአኖዱም እኩልና ተቃራኒ ሲግናል አውጥቶ ለሁለቱ ኢኤል34 ይሰጣል። ይሄ ካቶዳይን የሚባለው ነው፣ አኖዱ ላይና ካቶዱ ላይ ያሉት ሁለት 47 ኪሎ ኦሞች እኩል ከሆኑ ሥራው ተሠራ፣ ትራዮዱ ራሱ ምን ዓይነት ነው የሚለው ያን ያህል አያስጨንቅም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በሌላ ፔንቶድ-ትራዮድ እየቀየረ የሚሠራው፣ 6ጂኤች8ኤ ወይ 6ዩ8ኤ ወይ የአውሮፓው ኢሲኤፍ80። ሂተራቸውም ተመሳሳይ ነው፣ 7199 እና 6ጂኤች8ኤ 0.45 አምፒር፣ ኢሲኤፍ80 0.43፣ ለፓወር ትራንስፎርመሩ አዲስ ሸክም አይጨምሩም፣ ያም ትራንስፎርመር ሲፈጥረው የሚግል ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ልዩነታቸው የእግር አቀማመጣቸው ነው፣ ከ7199 ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ ነቅሎ መሰካት የለም፣ አዲስ ቦርድ መሥራትህ ካልቀረ ግን ችግሩ ችግር መሆኑ ቀረ አይደል?

አንዳንዱ ኢሲሲ83 (ሁለት ትራዮድ ያለበትን) አድርግበት፣ የትም ይገኛል ይልሃል። ይሠራል፣ ግን ሂሳቡን እይ። ኢኤል34 ባያሱ 36 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ኃይል ለማውጣት ግሪዱ ላይ 36 ቮልት ፒክ ያስፈልጋል፣ በአርኤምኤስ 25 አካባቢ። ካቶዳይኑ አያጎላም፣ ስለዚህ 25ቱ ቮልት ከፊተኛው ቲዩብ መውጣት አለበት። አምፑ በ1.3 ቮልት ኢንፑት ሙሉ 35 ዋቱን እንዲሰጥና 20 ዲሲቤል ፊድባክ (ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚመለስ ሲግናል) እንዲኖረው ነው የተሠራው፣ ማለት ያለ ፊድባክ 0.13 ቮልት ይበቃዋል፣ 25 ለ 0.13 ስታካፍል 190 አካባቢ ጌይን ነው፣ ፔንቶድ ይሄን ይሰጥሃል። ከኢሲሲ83 አንድ ግማሽ የምታገኘው 60 አካባቢ ነው፣ በዚህ ሂሳብ የሚተርፍህ ፊድባክ 10 ዲሲቤል ነው። ዲስቶርሽኑ ይጨምራል፣ ባሱም ይለቃል። የሚወድ አለ እኔ አልወደውም። ስለዚህ ፔንቶዱን እንዳትለቅ ነው ምክሬ።

ቦርዱን በተመለከተ ፌኖሊክ (ቡናማውን) እንዳትደግመው፣ እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲግል ይከስላል፣ የከሰለ ቦርድ ደሞ ራሱ ሬዚስተር ሆኖ 300 ቮልቱን ወደ ግሪዱ ይመራዋል፣ ያንተ መንጫጫት ከዛ ቢሆን አይገርመኝም። ፋይበር ግላስ ያለውን ፈልግ። ትራኩን ወፍራም፣ በከፍተኛ ቮልትና በግራውንድ መሀል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው።


አዌቱ_ማዶ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጋሼ እርስዎም በጣም አመሰግናለሁ። የለካሁትን ላምጣ።

አውትፑት ትራንስፎርመሮቹ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ግማሽ ለግማሽ ተቀራራቢ፣ ወደ ሻሲ ምንም የለም። አምፖሉ ትንሽ ቦግ ብሎ ደበዘዘ፣ እንደዛው ቀረ። ሴሌኒየሟን ቀይሬያለሁ፣ ባያስ በሁለቱም በኩል ቮሊዩሙን ሳዞር ከኔጋቲቭ 31 እስከ ኔጋቲቭ 46 ይሄዳል። አንድ ያልጣመኝ ነገር ስቴፕ ዳውኑ ነው፣ ማታ ማታ የሰፈሩ መብራት ከፍ ሲል 128 ቮልት ያወጣል፣ ቀን ደሞ 112።

ሌላው፣ እዚሁ ጅማ ሄርማታ ሰፈር አንድ ድሮ ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ሰውዬ ጋ ሄጄ አንድ ካርቶን ሙሉ ቲዩብ አሳዩኝ። ኢሲኤፍ80 አለ፣ ፒሲኤፍ80 ደሞ በብዛት አለ። ቅርጻቸው አንድ ነው። ሰውዬው ፒሲኤፉን በነጻ ውሰድ አሉኝ፣ እሱ ቢሆን ይሠራል?


ጋሼ_ካውያ፦

በነጻ የሰጡህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ 😄 በፒ የሚጀምረው ሂተሩ ለቴሌቪዥን ተከታታይ መስመር የተሠራ ነው፣ ሁሉም ቲዩብ በ300 ሚሊ አምፒር በአንድ ሰንሰለት የሚበራበት። ፒሲኤፍ80 9 ቮልት ይፈልጋል፣ ያንተ አምፕ ያለው 6.3 ነው። ብትሰካው ፈዝዞ ይበራል፣ ድምፅም ሊያሰማህ ይችላል፣ ግን ካቶዱ በደንብ ሳይግል እየሠራ ቶሎ ይደክማል። በኢ የሚጀምረው ነው 6.3 ቮልቱ። ኢሲኤፉን ብቻ ልቀም፣ ካለ አራትና አምስት አድርገው፣ ሁለቱ መለዋወጫ ይሁኑህ፣ ሰውዬውንም ቡና ጋብዛቸው። ብልቃጡ አናት ላይ ያለው የብር ቀለም ነጭ የሆነበትን አትውሰድ፣ አየር ገብቶታል።

ስለ ስቴፕ ዳውኑ ያልከው ትልቅ ነገር ነው። 128 ሲገባ 6.3ቱ ወደ 6.8 ይሄዳል፣ የተፈቀደው ጫፍ ላይ ነው፣ ከፍተኛው ቮልትም አብሮ ያድጋል። ፓወር ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ 60 ሳይክል ብቻ የሚል ከሆነ ደሞ በኛ 50 ኮሩ (የውስጥ ብረቱ) ቶሎ ይጠግባል፣ የበለጠ ይግላል። ስለዚህ ከስቴፕ ዳውኑ በፊት ስታቢላይዘር፣ ስቴፕ ዳውኑም ከ300 ዋት የማያንስ፣ መውጫው 110 እና 120 ምርጫ ካለው 110ሩን ተጠቀም። ትንሽ ዋት ታጣለህ፣ ማንም አያውቅብህም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ያለውን ደሞ ታውቀዋለህ፣ ሲሄድ ስዊቹን አጥፋው፣ ተመልሶ እስኪረጋ አትንካው።


ኪቶ_ፉርዲሳ፦

ኢሲኤፍ80 ካገኘህ ጨርሰሃል ማለት ነው፣ የትራዮዱ ሚዩ (የማጉላት አቅሙ) 20 ነው፣ የ7199 ደሞ 17፣ በጣም ይቀራረባሉ። ግን የድሮውን ቦርድ ዋጋዎች እንዳለ ገልብጠህ አትሥራ፣ ፔንቶዱ የተለየ ስለሆነ የሚቆምበት ቮልቴጅ ይለያል፣ እና ይሄ ሰርኪዩት ዳይሬክት ነው የተያያዘው፣ የፔንቶዱ አኖድ በቀጥታ የትራዮዱ ግሪድ ላይ ነው ያለው፣ መሀል ካፓሲተር የለም። አንዱ ቢንጋደድ ሌላው አብሮት ይንጋደዳል።

እንዲህ አድርግ። የአኖድ ሬዚስተሩን 270 ኪሎ ኦም ተወው። የስክሪን ሬዚስተሩን ግን በመጀመሪያ አትጠቅጥቀው፣ ከ1 ሜጋ ኦም ጀምረህ ከሱ ጋ በተከታታይ ሌላ እየጨመርክ ወይ እየቀነስክ የትራዮዱ ካቶድ ከሰፕላዩ ሩብ አካባቢ ላይ እንዲቆም አድርግ። ድራይቨሩ ጋ የሚደርሰው 340 ቢሆን ካቶዱ 85 አካባቢ፣ አኖዱ ደሞ በዛው ልክ ከላይ ወርዶ 255 አካባቢ። የስክሪን ሬዚስተሩን ስታሳድግ ፔንቶዱ ከረንቱ ይቀንሳል፣ አኖዱ ይወጣል፣ ካቶዱም አብሮ ይወጣል፣ ስታሳንሰው በተቃራኒው። ካቶዱ እንደዛ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ዳታሺቱ ላይ የተፈቀደውን የሂተርና የካቶድ ቮልቴጅ ልዩነት አይተህ ከዛ በታች ሁን፣ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ሬዚስተሮቹን ሩብ ዋት አታድርግ። ዋቱ ቢበቃ እንኳ ቮልቱ አይበቃም፣ የተለመደው ሩብ ዋት ሬዚስተር 250 ቮልት ነው የሚችለው፣ 270 ኪሎው ላይ ደሞ ወደዛ የሚጠጋ ነው የሚወድቀው። 1 ዋት አድርገህ ገላግለው። 47 ኪሎዎቹን ከብዙ ውስጥ በቴስተር እየለካህ ጥንድ ጥንድ ምረጥ፣ እውነተኛው ዋጋ 46.5 ቢሆን ግድ የለም፣ ሁለቱ እኩል ይሁኑ እንጂ።

ቦርዱን ለማተም ሌዘር ፕሪንተርና የሚያብረቀርቅ መጽሔት ወረቀት ይበቃል፣ በልብስ ካውያ ታስተላልፈዋለህ። ፌሪክ ክሎራይድ (ትርፉን መዳብ የሚበላው ኬሚካል) ካላገኘህ ግን በግሌ የምመርጠው ምንም ሳታትም የፋይበር ሰሌዳ ላይ ቀዳዳ በስተህ ዕቃዎቹን በእግራቸው ማያያዝ ነው። ዕቃው ጥቂት ነው፣ ለመጠገንም ይመቻል፣ ትራክ የሚባል የሚላቀቅ ነገር የለውም። ሶኬቱ ሴራሚክ ይሁን። ከማውለቅህ በፊት የድሮው ቦርድ ዳር ላይ ያሉትን የሽቦ ቀዳዳዎች ፎቶ አንሳና የቱ ወዴት እንደሚሄድ በእጅህ ሣል፣ ሽቦዎቹ አንድ ዓይነት ቀለም ናቸው ካልን በኋላ መገመት የለም።


የአብነት_ልጅ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሻሲውን ከከፈትክ አይቀር ባያስ መለኪያውን አሻሽለው። ኦሪጅናሉ ላይ ለሁለት ኢኤል34 አንድ 15.6 ኦም ነው ያለው፣ 1.56 ቮልት ስታደርገው ሁለቱ አንድ ላይ 100 ሚሊ አምፒር ነው፣ ግን አንዱ 70 ሌላው 30 እየወሰደ ይሁን አታውቅም። በየካቶዱ 10 10 ኦም አድርግና ለየብቻ ለካ፣ 0.4 ቮልት ማለት 40 ሚሊ አምፒር ነው። እኔ ብሆን 40 ላይ እተወዋለሁ። 415 ቮልት በ50 ሚሊ ወደ 21 ዋት ነው፣ የኢኤል34 ፕሌት ጣሪያው 25፣ በ40 ግን 16 ተኩል አካባቢ ላይ ይቀመጣል፣ ቲዩብ በሻንጣ በሚመጣበት አገር እንዲህ ነው የሚኖረው።


በቃኝ_ሽቦ፦

እሺ ሳነበው ሳነበው እኔም አማረኝ። እዛ ሄርማታ ያሉት ሰውዬ ጋ ካርቶኑ ውስጥ ኢኤል84 የለም?


አዌቱ_ማዶ፦

@በቃኝ_ሽቦ አለ 😂 ና ብዬ አልጠራህም፣ መጀመሪያ ቲፒኤህን ጨርስ።

ኢሲኤፍ80ዎቹን ወስጃለሁ። ቀኙን ቻናል ኪቶ እንዳለኝ በሰሌዳ ላይ ትራክ ሳልጠቀም ሠርቼ፣ ኢኤል34 ሳልሰካ ድራይቨሩን ብቻ አብርቼ ለካሁ። ሰፕላዩ 338፣ የትራዮዱ ካቶድ መጀመሪያ 61 ነበር፣ ስክሪኑ ላይ 330 ኪሎ ስጨምርበት 88 ላይ ቆመ፣ አኖዱ 251። ኮፕሊንግ ካፓሲተሮቹ ከቴሌቪዥን የወጡ ናቸው፣ የአብነት ልጅ ባለው መንገድ ፈትሼ ሁለቱን ጣልኩ። ፊድባኩን ገና አላገናኘሁም፣ ፈራሁ። የድሮው ቦርድ ላይ ከፊድባክ ሬዚስተሩ ጋ ያሉት የፒኮፋራድ ካፓሲተሮች እዚህ ይሠራሉ ወይስ ልተዋቸው?


ኪቶ_ፉርዲሳ፦

88 እና 251 በጣም ቆንጆ ነው፣ 338 ሲቀነስ 251 87 ነው፣ ከ88ቱ ጋ እኩል፣ 47ቶችህ ጥንድ ናቸው ማለት ነው።

ትናንሾቹን ካፓሲተሮች እንዳትተዋቸው። የተቀመጡት ለቲዩቡ ብቻ ሳይሆን ለአውትፑት ትራንስፎርመሩም ነው፣ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ትራንስፎርመሩ ፌዙን ስለሚያዞረው ፊድባኩ ኔጋቲቭ መሆኑ ቀርቶ ወደ ፖዚቲቭ ሊዞር ይችላል፣ ያኔ አምፑ ኦሲሌተር ይሆናል፣ አንተ ምንም ሳትሰማ ትዊተር ያቃጥላል። ፔንቶዱን ስለቀየርክ ዋጋቸው ትንሽ ሊለወጥ ይችላል፣ ግን ከድሮው ዋጋ ጀምር፣ የፊድባክ ሬዚስተሩ 1 ኪሎ ኦም ከነትይዩ ካፓሲተሩ።

ስታገናኝ መጀመሪያ በሰፊ ሬዚስተር፣ 10 ኪሎ ምናምን አድርግ። ሲገናኝ ድምፁ ከቀነሰ አቅጣጫው ልክ ነው፣ ከጨመረ ወይ ከጮኸ ወዲያው አጥፋና የዛን ቻናል የኢኤል34 ሁለቱን የፕሌት ሽቦዎች ቦታ አቀያይር፣ አልትራ ሊኒየር (ስክሪኖቹም ከአውትፑት ትራንስፎርመሩ የሚገናኙበት) ስለሆነ የስክሪኖቹንም አብረህ፣ አለዚያ ግማሽ ነው የሠራኸው። ልክ ከሆነ በኋላ ነው ወደ 1 ኪሎው የምትወርደው።

ከዛ ስኩዌር ዌቭ ማየት አለብህ፣ 10 ኪሎ ኸርዝ፣ መጀመሪያ 8 ኦም ብቻ፣ ቀጥሎ 8 ኦሙ ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ትይዩ አድርገህ። ጫፉ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ተወዛውዞ ከረጋ እሺ ነው፣ ከበዛ ካፓሲተሩን እየቀየርን እናየዋለን። ይሄ በጆሮ አይሠራም፣ ኦሲሎስኮፕ ይፈልጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ካምፓስ ነኝ፣ በር ላይ ስትደርስ ደውል፣ እዛው ላብ ውስጥ እናየዋለን። ስቴፕ ዳውንህን፣ ያንን የ100 ዋት አምፖልህን፣ ለሎድ የሚሆን 8 ኦም 50 ዋት ሬዚስተር ካለህ እሱንም ይዘህ ና። ስፒከሩን ቤት ተወው።


ጋሼ_ካውያ፦

ስትጭነው ትራንስፎርመሮቹ ባሉበት በኩል ያዘው ልጄ፣ ክብደቱ በሙሉ እዛ ነው። ቲዩቦቹን አውጥተህ ለየብቻ ጠቅልል፣ የትኛው ከየትኛው ሶኬት እንደወጣ ጻፍበት፣ በባጃጅ ከሆነ ደሞ ጭንህ ላይ።